በጠና የታመሙ አረጋዊን በቤት ለማስታመም አስቀድሞ ማቀድ

ጎጃም ውስጥ አብዛኞቹ አረጋውያን የሚያርፉት በልጅ ወይም በዘመድ ቤት ነው። ሕመሙ የማይድን ከሆነ እቅዱ አረጋዊው አጥርተው መናገር ሳያቅታቸው ይጀመር። ምግብ ሲቀንሱ፣ ሲከሱ፣ የቀኑን እኩሌታ አልጋ ላይ ማሳለፍ ሲጀምሩ ጊዜው ደርሷል።

ብዙ ቤተሰብ «ይደነግጣሉ» ብሎ ሕመሙን ይደብቃል፤ በዚህም ውሳኔው ከእጃቸው ይወጣል። የሚያምኑት ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ በእርጋታ ይጠይቃቸው፦ «አባባ፣ ሕመሙ ቢጠና ባሕር ዳር ሆስፒታል እንውሰድዎ ወይስ እዚሁ እናስታምምዎ? መናገር ቢያቅትዎ ስለ እርስዎ ማን ይወስን? የትስ እንዲያርፉ ይፈልጋሉ?» መልሳቸው ከነቀኑ ይጻፍ። ወሳኙ አንድ ሰው ይሁን። ይህ ካልተቆረጠ በመጨረሻው ሰዓት ከሩቅ የደረሰ ልጅ «እንዴት ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?» ብሎ መኪና ላይ ያስጭናቸዋል፤ መንገድ ላይ የሚያርፉትም በዚህ ነው። በመጦሪያ ላሉት ወረቀቱ የማታ ተረኛው በቀላሉ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ።

ኑዛዜ ካለ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ይሁን። ሌላ ሰው የጻፈው ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ ጽሑፉ ውስጥ ይጠቀሳል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ምስክሮቹ ወራሽ ባይሆኑ ይመረጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ሥቃይ ነው። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊ ግራም በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይበልጥም፤ ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ ወይም ጉበታቸው ከተጎዳ ሐኪሙ ይቀንሰዋል። ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሥቃይ መርፌ እየደጋገሙ ማስወጋት በዚህ ዕድሜ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ጨጓራን ያደማል። ፓራሲታሞሉ ካልበቃ ሞርፊን ስለተባለው፣ በአፍ ስለሚሰጥ ጠንካራ የሥቃይ ማስታገሻ ሐኪሙን ጠይቁ። ለአረጋውያን ብዙ ጊዜ በየ4 ሰዓቱ በ2.5 ሚሊ ግራም ይጀመራል። ሥቃዩ እስኪመለስ ሳይጠበቅ በሰዓቱ ይሰጥ፤ ያመለጠ ሥቃይን መልሶ መያዝ ይከብዳል። ሞርፊን ሆድ ስለሚያደርቅ እንደ ቢሳኮዲል ያለ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ ይታዘዝ። በልኩ የተሰጠ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም፤ የትንፋሽ ማጠርንም ያቀላል። በድንገት ማቋረጥ ግን ያንገላታል፤ ስለዚህ ጸበል ሲጀመር መድኃኒቱ አይቁም። የትኛው ፋርማሲ እንዳለው አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ክረምት ሳይገባና መንገዱ በጭቃ ሳይዘጋ ቀጣዩን አምጡ።

የመኝታ ቁስል የሚጀምረው ሳይታይ ነው። በየ2 ሰዓቱ ጎናቸውን ቀይሩ፤ ከጀርባቸው የታጠፈ ጋቢ ደግፉ፤ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ትራሱን ከባታቸው ሥር አድርጉ። ሲነሡ ሁለት ሰው አንሶላውን ይዞ ያንሳቸው፤ መጎተት ቆዳ ይልጣል። በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ መቅላት ካለ በዚያ ጎን አይተኙ። ቦታውን በቅቤ ማሸት ሥር ያለውን ሥጋ ይጎዳል።

ሰውነት ወደ ማረፉ ሲቃረብ ምግብ አይጠይቅም። ይህን መቀበል ለአስታማሚ ከባድ ነው፤ በግድ የተሰጠ አጥሚት ግን ሳንባ ይገባል። ቀና አድርጎ በትንሽ ማንኪያ መስጠት፣ ካሳላቸው ማቆም ነው። መዋጥ ሲያቅታቸው ጸበሉንም ቢሆን አታፍስሱ፤ በንጹሕ ጨርቅ ነክራችሁ ከንፈራቸውንና ምላሳቸውን አርጥቡ። «ጾሜን አልፈታም» ካሉ ጉዳዩን ለንስሐ አባታቸው ንገሩ፤ ቀንዲልና ቁርባንም አእምሯቸው ሳይደክም ከእርሳቸው ጋር ይታቀድ።

በመጨረሻዎቹ ቀናት እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ቆዳው ይዝጎረጎራል፣ ሽንት ይቀንሳል፣ ትንፋሹ እየቆመ ይቀጥላል። ጉሮሯቸው ኸር ኸር ካለ በጎናቸው አስተኙ፤ ውኃ አትስጡ። ይህ ለእናንተ የሚያስፈራውን ያህል እርሳቸውን አያሠቃይም። ሥቃይ ከበረታ፣ ከተቅበዘበዙ ወይም ደም ከፈሰሳቸው ግን ለጤና ባለሙያ ደውሉ። መልስ ባይሰጡም ሊሰሙ ይችላሉና አጠገባቸው ስለ ቀብር አታውሩ፤ ስማቸውን እየጠራችሁ አነጋግሯቸው።

የእድሩ ሰብሳቢ ስልክና የቀበሌ መታወቂያቸው አንድ ቦታ ይቀመጡ፤ ሞት በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌ ይመዘገባል።