ጆሮን ሳይቀዱ ማስፋት

የሙርሲ ሴት የታች ከንፈሯ ሲበሳ ሸክላው ወዲያው አይገባም። መጀመሪያ ትንሽ የእንጨት ውታፍ ይገባል፤ ቁስሉ ሲድን ወፈር ባለ ይተካል፤ ሸክላው ተራው የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። አሜሪካዊው አርቲስት ፋኪር ሙሳፋርና መሰሎቹ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በካሊፎርኒያ ያስነሱት፣ ጆሮን ማስፋትን ጨምሮ ሰውነትን በመብሳት የሚያጌጠው «ዘመናዊ ጥንታውያን» የሚባለው ንቅናቄ ከእንዲህ ያሉ ማኅበረሰቦች ብዙ ወርሷል። ተከታዮቹ ቶሎ የሚረሱት ትዕግሥቱን ነው። ተበላሽቶ የሚታይ የሰፋ ጆሮ በአብዛኛው የችኮላ ውጤት ነው።

አዲስ ብስ አይሰፋም፤ የቀዳዳው ውስጥ ቆዳ እስኪለብስ ቢያንስ 3 ወር ይጠበቃል። ብሱ ለስላሳው ሥጋ መሃል ላይ ይሁን። ወደ ታች ከወረደ፣ ሲሰፋ ከሥር የሚቀረው ሥጋ ይሳሳል። ጠባሳው እያበጠ የሚያድግበት ሰው ጨርሶ ባይሞክረው ይሻላል።

ተራ ጉትቻ 0.8 ወይም 1 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ 1.2፣ 1.6፣ 2፣ 2.5፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8 እያሉ መሄድ ነው። በጥቅል የሚሸጡት የማስፊያ ጌጦች ብዙ ጊዜ 7ን ዘለው ከ6 ወደ 8 ያሻግራሉ፤ ብዙ ጆሮ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። እስከ 4 ድረስ በየደረጃው 6 ሳምንት፣ ከዚያ በላይ ከ2 እስከ 3 ወር ይቆዩ።

ጌጡ ለሰውነት ተከላ የሚውል ቲታኒየም ወይም ብርጭቆ፣ የኋላ ጫፉም ጠርዝ የሌለው ይሁን። ሲሊኮን ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ሲወጣ አዲሱን ቆዳ ይዞ ይጎትታል። እንጨትና ቀንድ የዳነ ጆሮ ብቻ ነው የሚችላቸው።

ሙቅ ውሃ ከታጠቡ በኋላ በንጹሕ እጅ ጥቂት ጠብታ የሆሆባ (ጆጆባ) ዘይት ቀብተው 5 ደቂቃ ያሹት። ቀጣዩ መጠን በቀላል ግፊት ከገባ፣ ገባ። ካቃጠለ ወይም ከደማ ያውጡት፤ አንድ ወር ይጨምሩ። ሾጣጣ ማስፊያ ያልተዘጋጀ ጆሮንም አስገድዶ ስለሚከፍት አይመከርም። ከ8 በላይ ሙጫ የሌለው የቴፍሎን ቴፕ ይሻላል፦ በለመዱት ውታፍ ላይ በሳምንት 2 ወይም 3 ዙር እየጠመጠሙ፣ ቀጣዩ እስኪገባ።

ከጆሮው ጀርባ ቀይ የሥጋ ቀለበት ከወጣ የውስጡ ቆዳ በግፊት ተገልብጧል ማለት ነው። ያኔውኑ አንድ ወይም ሁለት መጠን ይውረዱ፤ በ0.9 በመቶ የጨው ውሃ በቀን ሁለቴ ያጽዱ፤ ቁስሉ ሲደርቅ ጠዋትና ማታ በዘይት ያሹት። መግል፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ወይም ትኩሳት ካለ ሐኪም ጋ ነው።

ጆሮ ተመልሶ የሚጠብበት ወሰን ከሰው ሰው ይለያያል። 8 ያለፈ ሰው ግን ያለ ቀዶ ሕክምና እንደነበረው ይሆናል ብሎ ባይቆጥር ይበጀዋል። ከሰፋ ጆሮ የሚመጣው ሽታ የሞተ ቆዳና ቅባት ነው፤ ጆሮው ከዳነ በኋላ በየቀኑ አውልቆ ውታፉንም ጆሮውንም በሳሙና ማጠብ ያጠፋዋል።