የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ረዳት አሰልጣኝ እንዴት ይኮናል? ፎጣ ከማጠፍ እስከ ሁለተኛው ወንበር

የአሜሪካ ኮሌጅ ጨዋታ በቴሌቪዥን ስታዩ ካሜራው ከዋናው አሰልጣኝ ላይ አይነሳም። እሱ ይጮኻል፣ ኮቱን ያወልቃል፣ ከዳኛ ጋር ይጨቃጨቃል። ከጎኑ ግን ወረቀት ጠቅልሎ የያዘ፣ በጣቱ ወደ ሜዳው እያመለከተ የሚያወራ ሰው አለ። ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ እሱ የተቀመጠበት ወንበር ላይ እንዴት እንደሚደረስ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ቅርጫት ኳስ ማወቅ ብቻውን አያስቀጥርም። ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። ዋና አሰልጣኝ የሚፈልገው ሥራ ሰጥቶት ሊረሳው የሚችለውን ሰው ነው። «ምን ላይ ደረሰ?» ብሎ ሁለት ጊዜ የማይጠይቀውን።

የት እንደምትገቡ እወቁ

የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ትልቁ ድርጅት ኤንሲኤኤ ይባላል። ሦስት ዲቪዚዮኖች አሉት። ዲቪዚዮን አንድ ውስጥ ብቻ ከ350 በላይ የወንዶች ቡድኖች አሉ። የሴቶቹም ቁጥር ተቀራራቢ ነው። ከዚያ ዲቪዚዮን ሁለትና ሦስት አሉ፣ ኤንኤአይኤ የሚባል የትንንሽ ኮሌጆች ሌላ ማኅበር አለ፣ የሁለት ዓመት ኮሌጆች የሚጫወቱበት ኤንጄሲኤኤም አለ። ብዙ ሰው ዓይኑን እንደ ዱክና ኬንታኪ ባሉ ዝነኛ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ተክሎ ይቀራል። እኔ ብሆን ከታች ነው የምጀምረው። ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ረዳቱ አንድ ወይም ሁለት ስለሆነ ሁሉን ይሠራል። ልምምድ ይመራል፣ አውቶቡስ ይይዛል፣ አንዳንዴም ማሊያ ያጥባል። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ትምህርቱ ግን ብዙ ነው።

ተማሪ ሳላችሁ ፎጣ አጥፉ

ኮሌጅ የገባችሁ ቀን የቡድኑን ቢሮ አንኳኩና ማናጀር መሆን እንደምትፈልጉ ንገሯቸው። ማናጀር ሲባል ስሙ አያታላችሁ። ኳስ መሰብሰብ ነው፣ ውሃ መሙላት ነው፣ ወለል ላይ የፈሰሰ ላብ መጥረግ ነው፣ ልምምድ መቅረጽ ነው። የተላላኪ ሥራ ይመስላል። ነውም። ግን ዋናው አሰልጣኝ ሲያስተምር ከሦስት ሜትር ርቀት የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።

ፍራንክ ቮገልን ተመልከቱ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ጁንያታ ለሚባል ትንሽ ኮሌጅ ይጫወት ነበር። መጫወቱን ትቶ ወደ ኬንታኪ ተዛወረ፤ ሪክ ፒቲኖ እንዴት እንደሚያሠለጥን በቅርብ ለማየት። ማናጀር ሆነ፣ ቪዲዮ መቁረጥም ተማረ። ኬንታኪ በ1996 ሻምፒዮን ሲሆን እዚያው ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፒቲኖ በ1997 ወደ ቦስተን ሴልቲክስ ሲሄድ ይዞት ሄደ። በ2020 ቮገል ሌከርስን እያሠለጠነ የኤንቢኤን ዋንጫ አነሳ።

ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ያለው በር «ግራጁዌት አሲስታንት» ይባላል። ሁለተኛ ዲግሪ እየተማራችሁ ለቡድኑ ትሠራላችሁ። ብዙ ጊዜ የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል፣ ትንሽ የኪስ ገንዘብም ይኖራል። በኤፍ 1 የተማሪ ቪዛ ያላችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በትምህርት ወቅት ግቢ ውስጥ መሥራት የሚፈቀደው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። የቅርጫት ኳስ ቢሮ ደግሞ ሰዓት አያውቅም። ከመፈረማችሁ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎችን ቢሮ አማክሩ።

ስካውት መሥራትን ተማሩ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ስካውት ማለት ተጋጣሚን አጥንቶ ለቡድኑ ማዘጋጀት ነው። ረዳቶች የውድድር ዓመቱን ተጋጣሚዎች ይከፋፈላሉ። «የማክሰኞው ያንተ ነው» ከተባላችሁ ያንን ቡድን ከራሱ አሰልጣኝ ባልተናነሰ ማወቅ አለባችሁ።

መጀመሪያ የቅርብ ጊዜ አራት ወይም አምስት ጨዋታዎቻቸውን እዩ። በሰፊ ነጥብ ያሸነፉበትን አትምረጡ፤ እሱ ምንም አያሳይም። የተፈተኑበትን ምረጡ። በመጀመሪያው ዕይታ ምንም አትጻፉ፣ ዝም ብላችሁ እዩ። በሁለተኛው ቁጠሩ። ነጥብ ሲያስፈልጋቸው ደጋግመው የሚጠሩት ጨዋታ የትኛው ነው? ከታይም አውት ሲመለሱ ምን ያደርጋሉ? ከቅርጫቱ ሥር ኳስ ሲያስገቡ መጀመሪያ የሚሮጠው ማን ነው? ፒክ ኤንድ ሮል (አንዱ ኳስ ለያዘው ጋርዶለት ወደ ቅርጫቱ ሲሮጥ) ሲመጣባቸው ትልቁ ልጅ ይወጣል ወይስ ወደኋላ ይቀራል?

ቀጥሎ እያንዳንዱን ተጫዋች በአንድ መስመር ጻፉ። «ቀኝ እጁን ይወዳል፣ በግራ ሲነዳ ኳሱን ያቆማል።» «ከማዕዘን ካልሆነ አይተኩስም።» መስመሩ ከረዘመ ተጫዋቾቻችሁ አያነቡትም።

ከዚያ ቪዲዮውን ቁረጡ። ሲነርጂና ሃድል የሚባሉት ፕሮግራሞች ሥራውን ያቀልላሉ፤ ከአሁኑ ብትለማመዱባቸው ለሥራ ማመልከቻም ይጠቅማችኋል። ለዋናው አሰልጣኝ ብዙ ክሊፕ፣ ለተጫዋቾች ጥቂት። የ19 ዓመት ልጅ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሩብ ሰዓት ካለፈ ዓይኑ ይከደናል። በልምምድ ላይ ተቀያሪዎቹን ወስዳችሁ የተጋጣሚውን አጨዋወት አስጠኗቸው፣ ቋሚዎቹ ላይም ይሞክሩት። በጨዋታው ቀን ተጋጣሚው አሰልጣኝ ጣቱን ሲያነሳ ምን እንደጠራ ከወንበር ተነስታችሁ ቀድማችሁ የምትጮኹት እናንተ ናችሁ። ያ ጥሪ አንዴ በትክክል ከገባ ዋናው አሰልጣኝ አይረሳውም። ሦስት ጊዜ ከሳታችሁም አይረሳውም።

በመጋቢትና ሚያዝያ የሚደረገው፣ የተሸነፈ ወዲያው የሚወጣበት የኤንሲኤኤ ሻምፒዮና ደግሞ ሌላ ነው። በሁለት ጨዋታ መካከል ያለው ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ ረዳቶች ገና የማይታወቀውን ቀጣይ ተጋጣሚ አስቀድመው ያጠናሉ። የተሸነፈው ቡድን ፋይል ቅርጫት ውስጥ ይገባል። የብረቱን ቅርጫት ማለቴ አይደለም።

ምልመላ

ተጫዋች ማምጣት የማይችል ረዳት ከፍ አይልም፤ ቢመርም እውነቱ ይኸው ነው። ለዚህ ጥሩው ማሳያ ቶሚ ሎይድ ነው። ስፖኬን ከተማ ባለው አነስተኛው የጎንዛጋ ዩኒቨርሲቲ ለሃያ ዓመት ያህል ረዳት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ያሉ ምርጥ ልጆችን ከትልልቆቹ ጋር ተሻምቶ ማምጣት ከባድ ስለነበር ወደ ውጭ ተመለከተ። ሮኒ ቱሪያፍ ከፈረንሳይ፣ ሊቱዌንያዊው ዶማንታስ ሳቦኒስ ከስፔን፣ ሩዪ ሃቺሙራ ከጃፓን መጡ። ሃቺሙራን ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ በ2019 የከተማዋ የኤንቢኤ ቡድን ዊዛርድስ ነው የመረጠው። ሎይድ በ2021 የአሪዞና ዋና አሰልጣኝ ሆነ፣ በመጀመሪያ ዓመቱም 33 ጨዋታ አሸነፈ።

ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው እዚህ ጋ ዕድል አለው። ሥራው ግን ልጁን ከማግባባት በላይ ነው። እናትን፣ አጎትን፣ የሁለተኛ ደረጃ አሰልጣኙን ማሳመን አለ። ቤቱ የሐበሻ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ትምህርቱስ?» ነው። መልሱን ይዛችሁ ሂዱ።

ሕጉንም በደንብ አጥኑ። ልጅን መቼ ማየት፣ መቼ ማነጋገር እንደሚቻል የቀን መቁጠሪያ አለው። በ2017 የኤፍቢአይ ምርመራ አራት የኮሌጅ ረዳት አሰልጣኞች ከጉቦ ጋር በተያያዘ ተይዘዋል። ዋና አሰልጣኞች አልነበሩም፤ ረዳቶች ነበሩ። ከ2021 ወዲህ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፣ ትምህርት ቤት መቀየርም ቀሏል። ስለዚህ አዲስ ልጅ ማምጣት ብቻ አይበቃም፤ ያለው እንዳይሄድባችሁ በየሳምንቱ መመልመል አለባችሁ።

ገንዘቡና ቅጥሩ

በትልልቆቹና በትንንሾቹ ኮሌጆች መካከል ያለው የደሞዝ ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። በ1990ዎቹ ኤንሲኤኤ የአንድ ዓይነት ረዳት ደሞዝ በዓመት ከ16,000 ዶላር እንዳያልፍ ወስኖ ነበር። ረዳቶቹ ከሰሱ፣ አሸነፉም፤ በ1999 በ54.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። አሁን ጣሪያው የለም። በ2023 ደግሞ ዲቪዚዮን አንድ ሦስት ከነበሩት ረዳቶች በተጨማሪ ሁለት ሰዎች ልምምድ ላይ እንዲያሠለጥኑ ፈቅዷል። ለወጣቶች በሩ ትንሽ ሰፋ።

ቅጥሩ ግን በማስታወቂያ ብቻ አይደለም። ዋና አሰልጣኝ የሚያውቀውን፣ ወይም የሚያምነው ሰው የመሰከረለትን ነው የሚወስደው። በየዓመቱ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች በሚጫወቱበት ከተማ አሰልጣኞች ይሰበሰባሉ፤ የሆቴሉ ሎቢ የሥራ ገበያ ይሆናል። እዚያ ስትሄዱ ሲቪ አታድሉ። የሠራችሁትን አንድ ጥሩ ስካውት ይዛችሁ ሂዱ።

ዋናው ሲባረር ረዳቶቹም አብዛኛውን ጊዜ ዕቃቸውን ይሰበስባሉ። ያሸነፋችሁበት ስካውት አያድናችሁም። ስለዚህ ቤት አትግዙ፣ ተከራዩ። የትዳር አጋር ካላችሁ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ንገሩ።

ዋና ስለመሆን

ጆን ሼየር ዱክ ውስጥ ረዳት ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ከሠራ በኋላ በ2022 ዋናውን ወንበር ወረሰ። ቢል ጋትሪጅ ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ከዋና አሰልጣኙ ዲን ስሚዝ ጎን 30 ዓመት ተቀምጦ በ1997 በ60 ዓመቱ ነው ዋና የሆነው። በሦስት ዓመት ቡድኑን ሁለት ጊዜ ለመጨረሻዎቹ አራት አደረሰና ጡረታ ወጣ።

ክሪስ ዴይሊ ደግሞ አለች። በ1985 ከዋና አሰልጣኙ ጌኖ ኦሪየማ ጋር ወደ ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን መጣች። እስከ 2025 አብረው 12 ዋንጫ አነሱ። ያን ሁሉ ዓመት ከእሱ ቀጥሎ ያለው ወንበር ላይ ነበረች።