ታናሹ ታላቁን ሲመታ የሚሠሩ ስህተቶች

ትልቁ ልጅ ትንሹን ሲመታ ቤቱ በሙሉ ይነሣል። ትንሹ ትልቁን ሲመታ ግን አብዛኛው ሰው ፈገግ ብሎ ያልፋል። ነገሩ ችግር ተብሎ የሚቆጠረው ትልቁ ታግሦ ታግሦ አንድ ቀን የመለሰ ዕለት ነው። በሕፃናት ማቆያ ስሠራ ከወላጆች የምሰማው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው፦ «ትልቋ ወንድሟን መታችው፤ ምን እንደነካት አናውቅም።» ከዚያ በፊት ለወራት ወንድሟ ሲመታት እንደኖረ የሚወጣው ረጋ ብለን ስንነጋገር ነው።

መማታት፣ መንከስና ጸጉር መጎተት በብዛት የሚታየው በ2 እና በ3 ዓመት መካከል ነው። ልጁ ፍላጎቱ ትልቅ ነው፤ ቃላቱ ግን ጥቂት ናቸው፤ እጁን የሚገታለት የአንጎል ክፍልም ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ቋንቋው ሲበረታ ምቱ እየቀነሰ ይሄዳል። እስከዚያው ድረስ ነገሩን የምናባብሰው ወይም የምናቀልለው እኛ አዋቂዎች ነን።

መሳቅ

ትንሽ እጅ ትልቅ ልጅ ላይ ስታርፍ ማየት ያስቃል ይባላል። ለሕፃኑ ግን የአዋቂ ሳቅ ትልቁ ሽልማት ነው፤ ሳቁ እንዲደገምለት ምቱን ይደግማል። ይባስ ብሎ በስልክ ቪዲዮ የሚቀርጹ አሉ። እባካችሁ ስልኩን አስቀምጡና የተመታውን ልጅ ፊት ተመልከቱ።

«አንተ ትልቅ ነህ፤ ቻለው»

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ለመሆኑ «ትልቅ» የተባለው ልጅ ስንት ዓመቱ ነው? 4፣ 5፣ ቢበዛ 6። የታናሹ ጥፍር ፊቱን ሲቧጭረው ያመዋል፤ በአሻንጉሊት መኪና ግንባሩን ሲመታው ያብጣል። የታላቅነት ማዕረግ ሕመም አያስታግስም። አንድ አዋቂ ሥራው ላይ እንዳለ ሰው መጥቶ ጸጉሩን ቢጎትተው «ሳያውቅ ነው፤ ቻለው» ስለተባለ ብቻ ዝም ብሎ አይቀመጥም። እኛ የሌለንን ትዕግሥት ግን ከአምስት ዓመት ልጅ እንጠይቃለን፤ ያውም በየቀኑ።

ደጋግሜ ያየሁት እንዲህ ነው። ልጅቷ ወለል ላይ ተቀምጣ የእንጨት ኩቦች ትደረድራለች። ታናሿ ድክ ድክ እያለ ይመጣና ያፈርሰዋል። በክንዷ ስትከለክለው ጸጉሯን በእፍኙ ጨብጦ ይጎትታል። ትጮኻለች። «አንቺ ትልቅ አይደለሽም እንዴ? ስጪው!» የሚል ድምፅ ከወዲያ ይመጣል። ትሰጠዋለች። በዚያች ቅጽበት ታናሹ ጸጉር ሲጎተት ኩብ እንደሚገኝ ተማረ፤ እሷም ብትጮኽ የሚደርስላት እንደሌለ ተማረች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰው በሌለበት ክንዱን ቆንጥጣው ስትሄድ «ቀናችበት» ይባላል። የለም! አቤት የምትልበት ስላጣች ነው።

ስለዚህ ምት ስታዩ መጀመሪያ የመቺውን እጅ ያዙ፤ ወዲያው ግን ፊታችሁን ወደተመታው ልጅ አዙሩ። «አመመሽ? አሳዪኝ» በሏት። ኩቡም ወደ እሷ ይመለስ፤ ታናሹ ቢያለቅስም ይመለስ። ለታላቁ ልጅ ታናሹ የማይደርስበት ቦታ ስጡት፦ ጠረጴዛ፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል። ያለው ዕቃ ሁሉ የጋራ መሆን የለበትም። ታናሹ ሲመታው ተነሥቶ መራቅ፣ እጁን ዘርግቶ መከላከል፣ ጮክ ብሎ «ተው!» ማለትና አዋቂ መጥራት እንደሚችል አስተምሩት። ሲጠራችሁ ደግሞ ሂዱ። ሦስቴ ጠርቶ ካልመጣችሁ አራተኛውን በእጁ ነው የሚጨርሰው።

«መልሰህ ምታው» የሚሉም አሉ። ይህ የአዋቂውን ሥራ ለልጅ ማስተላለፍ ነው፤ ጉልበቱ ስለማይመጣጠን ደግሞ ሕፃኑ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

መማታትን በመምታት ማስተው

እጁን ቸብ አድርጎ «አትማታ!» ማለት ራሱን የሚያፈርስ ትምህርት ነው። ሕፃን ከሚሰማው ይልቅ የሚያየውን ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1961 አልበርት ባንዱራ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያደረገው ሙከራ በዚህ ረገድ ይታወቃል፦ አዋቂ ሰው በአየር የተሞላ አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ልጆች በኋላ አሻንጉሊቱ ያለበት ክፍል ሲገቡ እንዳዩት ደበደቡት፤ የሰሙትን ቃል ሳይቀር ደገሙት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የአቋም መግለጫ ማንኛውንም አካላዊ ቅጣት ተቃውሟል።

ረጅም ስብከት

የ18 ወር ልጅን «ለምን መታሃት? እኅትህ አይደለችም? ስንቴ ልንገርህ?» ብሎ ማፋጠጥ ጥቅም የለውም። መልሱን ቢያውቀውም የሚናገርበት ቃል የለውም። ተንበርከኩ፤ ዓይን ለዓይን ሁኑ፤ እጁን ሳትጨምቁ ያዙና «መማታት የለም። ያማል» በሉ። በቃ። ድምፃችሁ ጸጥ ያለ፣ ፊታችሁም የማያሾፍ ይሁን። ከዚያ ሊያደርገው የሚገባውን አሳዩት፦ መዳፉን ዘርግቶ «ስጪኝ» እንዲል፣ ካልሰጠችው እናንተን እንዲጠራ። በነጋታው እንደገና ይመታል፤ እናንተም ያንኑ ቃል እንደገና ትላላችሁ። ትምህርቱ አልገባውም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ በዚህ ዕድሜ አንድ ነገር ደጋግሞ ሳይባል አይያዝም።

በግድ ማሳሳም

«ይቅርታ በላት፣ ሳማት» ይባላል። ሕፃኑ ምን እንዳደረገ ሳይገባው ይስማል፤ የተመታችው ልጅ ደግሞ እንባዋ ሳይደርቅ ጉንጯን እንድትሰጥ ትገደዳለች። ጉንጯ የእሷ ነው፤ ካልፈለገች አይሳም። ከዚህ ይልቅ ሕፃኑ እርጥብ ጨርቅ ወይም የወደቀ አሻንጉሊቷን እንዲያመጣላት ብታደርጉ በጎ ማድረግን በእጁ ይለማመደዋል።

ሰዓቱን አለማየት

ለጥቂት ቀናት የተማታበትን ሰዓትና ከምቱ በፊት የሆነውን ጻፉ። ብዙ ጊዜ ምቱ የሚበዛው እንቅልፍ ሲመጣበት፣ ሲርበው ወይም ታላቁ ወደ ቤት እንደገባ ነው። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ይህን ያላገኘ ልጅ እጁ ይቀላል። አንዳንዴም ምቱ ቁጣ ሳይሆን የጨዋታ ግብዣ ነው፦ ቀኑን ሙሉ የናፈቃትን እኅቱን ሲያይ ሮጦ ፊቷን በጥፊ ይላታል፤ «መጣሽ!» ማለቱ ነው። እንዲህ ሲሆን እጇን መንካትን ወይም ኳስ ይዞላት መምጣትን ብታሳዩት በፍጥነት ይቀበላል።

አንዱ ሲከለክል ሌላው የሚስቅበት ቤት ይህ ሁሉ አይሠራም፤ አዋቂዎች አስቀድማችሁ ተስማሙ።

«ተደባዳቢ» የሚል ስምም አታውጡለት።

ሕፃኑ 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አያይዞ የማይናገር ከሆነ፣ ሲጠሩት የማይዞር ከሆነ ወይም ቀድሞ ይናገራቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት ግን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። በተለይ ጆሮው እንዲመረመር ጠይቁ፦ በተደጋጋሚ የጆሮ ሕመም ምክንያት በደንብ የማይሰማ ልጅ «ተው» ሲባል ላይሰማ ይችላል፤ በቃል ማለት ያቃተውንም በእጁ ይናገራል። መማታቱ ከ3 ዓመት በኋላ ከመቀነስ ይልቅ እየበረታ ከሄደም በራሱ ይተወዋል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ለሐኪሙ ንገሩት።