ማበጠሪያ ስታይ ለምትሸሽ ልጅ

ልጄ አራት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ቅዳሜ ጠዋት ለቅሶዋ ጎረቤት ይሰማ ነበር። ጸጉሯን የምሠራት ቅዳሜ ነው። ማበጠሪያው ገና ሲነካት ትጮሃለች፣ ትራገጣለች፣ እጄን ትነክሳለች። ዘመድ ሁሉ «ቅብጠት ነው» አለኝ። እኔም አምኜ ቆንጥጫታለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ቅብጠት አልነበረም። የለበስነውን ልብስ አንጎላችን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይረሳዋል፤ የእሷ አይረሳም። የሸሚዝ ምልክት፣ የካልሲ ስፌት፣ የማበጠሪያ ጥርስ እንደ አዲስ ይወጋታል። ያችው ልጅ ግን ከሶፋ ላይ ስትዘል ትውላለች፤ ሰው ስታቅፍም አጥብቃ ትጨምቃለች። ቆዳዋ ንክኪ ሲበዛበት ጡንቻና መገጣጠሚያዋ ደግሞ ጫናና እንቅስቃሴ ያንሳቸዋል። ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሊገኙ ይችላሉ።

መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ። የራስ ቆዳዋ ቁስል እንደሌለው፣ ጆሮዋም ደህና እንደሆነ ይታይ። ስሟ ሲጠራ ዞር የማትል ወይም ንግግር የዘገየባት ከሆነ ይህንንም አትደብቁ። ለንክኪ፣ ለድምፅና ለመሳሰሉት ያልተለመደ ምላሽ መስጠት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካው የአእምሮ ሕመሞች መመርመሪያ መጽሐፍ ከኦቲዝም ምልክቶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ የሚሆን ልጅ ሁሉ ግን ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም።

ከዚያ ደብተር ያዙ። እኔ ለሁለት ሳምንት ከለቅሶው በፊት የነበረውን ሁሉ ጻፍኩ። ቡና ተቆልቶ፣ ቴሌቪዥን ተከፍቶ፣ እንግዳ መጥቶ ከነበረ ይብሳል። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል ይቀላል። ይህን ደብተር ይዤ ኦኪዩፔሽናል ቴራፒስቷ (ልጆች የዕለት ተዕለት ሥራቸውን እንዲችሉ የምትረዳ ባለሙያ) ጋ ገባሁ።

ሕክምናው ጨዋታ ይመስላል፤ ዥዋዥዌ፣ መዳህ፣ ከባድ ትራስ መግፋት። መንገዱን የጀመረችው አሜሪካዊቷ ቴራፒስት ጂን አይረስ ናት፤ መጽሐፏ በ1972 እ.ኤ.አ. ወጣ። የእኛዋ ቴራፒስት ልጄን አንድም ቀን አስገድዳ አልነካችም። እኔን ግን «ቤት ውስጥ ሙቀጫ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። መግፋት፣ መጎተት፣ ከባድ ነገር መሸከም ብዙ ልጆችን ያረጋጋል አለችኝ። ስለዚህ ከሹሩባ በፊት ልጄ ጨው ትወቅጣለች፣ ሊጥ ታቦካለች፣ ሁለት ሊትር ውሃ ከኩሽና ሳሎን ታመላልሳለች። ቀጥሎ በመዳፌ ጭንቅላቷን ቀስ ብዬ፣ ግን ጠበቅ አድርጌ እጫናለሁ። ለስለስ ያለ ንክኪ ይብስባታል፤ እኔ ደግሞ ለዓመታት ያዘንኩላት መስሎኝ በለስላሳው ነበር የምነካት። ጸጉሯን ከሥሩ ይዤ ከጫፉ እጀምራለሁ። አብረን እስከ 10 እንቆጥርና አቆማለሁ። 10 ላይ ሳላቆም ከቀረሁ ሁለተኛ አታምነኝም።

ገንዘባችሁን ጠብቁ። ክብደት ያለው ሰደርያ በውድ ይሸጣል፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2012 እ.ኤ.አ. ጨዋታ የሚመስለው የዚህ ሕክምና ማስረጃ ውስን መሆኑ ለወላጅ እንዲነገር መክሯል። ስለዚህ ከቴራፒስቷ ጋር የሚለካ ግብ ጻፉ። የእኛው «10 ደቂቃ ያለ ለቅሶ» የሚል ነበር። ለውጥ ካላያችሁ ዕቅዱ እንዲቀየር ጠይቁ።

አሁን ግማሹን ቅዳሜ፣ ግማሹን እሁድ እሠራታለሁ። በግማሽ ሹሩባ ሱቅ ብትላክም ግድ የለኝም።