በነፍሳት የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ለመሆን ከየት መጀመር ይገባል?

በባዮሎጂ ወይም በባዮቴክኖሎጂ ተመርቀው የነፍሳትን የነርቭ ሥርዓት ለማጥናት የሚያስቡ ከሆነ፣ ከመሣሪያውም ከዩኒቨርሲቲውም አስቀድመው የሚለካ አንድ ባሕርይ ይምረጡ። የፒሲአር (ዲኤንኤን የማባዣ ዘዴ) አሠራር በጥቂት ሳምንታት ልምምድ የሚያዝ ሲሆን፣ በቁጥር የሚመለስ ጥያቄ መቅረጽ ግን ብዙዎች ሦስተኛ ዲግሪያቸውን እስኪጨርሱ የሚቸገሩበት ጉዳይ ነው።

ለዚህ የሲይሞር ቤንዘር የምርምር ሕይወት ጥሩ ማሳያ ነው። በፊዚክስ የሠለጠነው ቤንዘር ባክቴሪያን በሚያጠቁ ቫይረሶች የጂንን ውስጣዊ አወቃቀር አጥንቶ ስም ካተረፈ በኋላ ፊቱን ወደ ፍራፍሬ ዝንብ መለሰ። እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተመው ሙከራ ከቱቦና ከመብራት ብዙም ያለፈ ዕቃ አልጠየቀም፦ ዝንቦቹን መታ መታ አድርጎ ወደ ቱቦው አንድ ጫፍ ይሰበስባል፣ በሌላው ጫፍ መብራት ያበራል፣ ወደ ብርሃኑ የሄዱትን ከቀሩት ለይቶ ይህንኑ ይደጋግማል። በመጨረሻም እያንዳንዱ ዝንብ ስንት ጊዜ ወደ ብርሃን እንደሄደ ከተገኘበት ቱቦ ይታወቃል። ከአራት ዓመት በኋላ እሱና ተማሪው ሮናልድ ኮኖፕካ የዕለት ዑደታቸው ወደ 19 ሰዓት ያጠረ፣ ወደ 28 ሰዓት የረዘመ፣ ጨርሶም የጠፋባቸውን ዝንቦች ለይተው የሦስቱም መነሻ አንድ ጂን መሆኑን አሳዩ። የጂኑ ዲኤንኤ ተነጥሎ የወጣው በ1984 ሲሆን፣ በዚሁ መስመር የሠሩት ሆል፣ ሮስባሽና ያንግ በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሞለኪዩሉ ከባሕርዩ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ እንደደረሰ ልብ ይሏል።

ስለዚህ ልምምዱን በርካሽ ይጀምሩ። የተፈጨ ሙዝና ጥቂት እርሾ በጠርሙስ አድርገው አፉን በጥጥ ከደፈኑት፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በ10 ቀን ገደማ አዲስ ትውልድ ይወጣል። ጠርሙሱን በረዶ ላይ ሲያቆዩት ዝንቦቹ ስለሚደነዝዙ፣ አነስ ያለውንና የሆዱ ጫፍ የጠቆረውን ወንድ በቀጭን ብሩሽ ከሴቷ መለየት ይቻላል። ዕድሜን፣ ፆታን፣ የሙከራውን ሰዓትና የክፍሉን ሙቀት በየዕለቱ ይመዝግቡ፤ ያልተመዘገበ ሙቀት የወራት ሥራ ከንቱ ሊያደርግ ይችላልና። ስታቲስቲክስን ከሙከራው በፊት እንጂ ውጤቱ ከተሰበሰበ በኋላ አይማሩ።

በኢትዮጵያ ለሚኖር ተመራማሪ ከዝንብ ይልቅ የወባ ትንኝ የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ሰው በአጎበር ውስጥ በተኛባቸው የምዕራብ ኢትዮጵያ ቤቶች የዶሮ ሽታ የተደረገባቸው ወጥመዶች ሽታው ከሌለባቸው ያነሱ አረቢየንሲስ የተባሉ የወባ ትንኞችን ይዘዋል። ከዚህ በመነሳት በአንቴናው ላይ ካሉት ሽታ ተቀባይ ፕሮቲኖች የትኛው ይህን ሽታ እንደሚለይ መጠየቅ በቀጥታ ወደ ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ያስገባል።

አማካሪ ሲፈልጉ፣ በናይሮቢ በሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል በኢሲፔም ሆነ በሌላ አገር፣ ለሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ አይበትኑ። የተመራማሪውን አንድ ጽሑፍ በሚገባ አንብበው፣ ከአንዱ ግራፍ ላይ የተነሳ ጥያቄዎን በሦስት አራት ዐረፍተ ነገር ያስፍሩ፤ የራስዎን የሙከራ መዝገብ አንድ ገጽ አያይዙ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ያስታውሱ።