የባልትና ሥራ ስትመሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው የሚሸጡ ብዙ ሴቶች ሥራውን የጀመሩት ከጓዳቸው ነው። ሙያው አላቸው፣ ደንበኛም አያጡም። ንግዱ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔው ላይ ነው።

የጎረቤትን ዋጋ አይቶ መሸጥ። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። እንበልና 10 ኪሎ ዛላ ገዛችሁ። ተቀንጥሶ ሲደርቅ 8 ኪሎ ሆነ። ወጪውን ለ10 ካካፈላችሁት ወፍጮ ቤት ሳትደርሱ ኪሳራ ውስጥ ገባችሁ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ የቀንጣሿ የቀን ሂሳብ፣ የወፍጮው፣ የማሸጊያው ላስቲክ ገና አለ። የራሳችሁስ ድካም? እሱም ይቆጠር። ጎረቤታችሁ ዛላውን ርካሽ በነበረበት ሰሞን ገዝታ ሊሆን ይችላል። የእሷ ዋጋ እናንተን ያከስራል። መጀመሪያ ደብተር ላይ አስሉት፣ ከዚያ ዋጋ ቁረጡ።

የቤትና የሱቅ ገንዘብን መቀላቀል። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ከዛላ መግዣው ይወጣል፣ እቁቡም ከዚያው ይጣላል። ዛላ ሲረክስ ታዲያ እጅ ላይ ብር የለም። ትንሽም ብትሆን ለራሳችሁ ወርሃዊ ደመወዝ ቁረጡ፤ የቤት ወጪ ከእሷ ይሁን። እቁብ ደግ ነገር ነው፤ ግን ዕጣው መቼ እንደሚወጣላችሁ ስለማይታወቅ ለወቅት ግዢ አትተማመኑበት።

ይሉኝታ። «የእህቴ ልጅ ናት፣ ምን እላታለሁ?» እየተባለ ስንት ዱቤ ቀርቷል! ዘመድ ስትቀጥሩ የሥራ ሰዓቱንና ክፍያውን ከመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ። ለዱቤም ልክ አብጁለት።

ምጣኔውን እጅ ላይ ብቻ መያዝ። ቅመሙን በግራም መዝናችሁ ጻፉት። አለበለዚያ እናንተ የታመማችሁ ቀን ሥራው ይቆማል፤ ሠራተኛዋም ኃላፊነት መውሰድ አትለምድም።

የሕግ ጉዳይን ለመጨረሻ መተው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጋራ ቤትን ለመሸጥም ሆነ በዋስትና ለማስያዝ የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ብድር ካሰባችሁ ባንክ ከመሄዳችሁ በፊት ከባለቤታችሁ ጋር ተመካከሩ። እሱም ያለ እናንተ ፈቃድ ቤቱን ማስያዝ አይችልም። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ደግሞ ድሮ ቢያንስ ሁለት ሰው ይጠየቅ ስለነበር ዘመድ ለስሙ ያህል ባለድርሻ ይደረግ ነበር። የ2013ቱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ለስም ብላችሁ ለማንም ድርሻ አትስጡ።