የቆየ መስል ካር ፍሬን ከታምቡር ወደ ዲስክ ማሻሻል

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከተሠሩት የአሜሪካ መስል ካሮች (ጉልበተኛ ሞተር ያላቸው መኪኖች)፣ ማስታንግም ሆነ ካማሮ፣ ሼቬልም ሆነ ቻርጀር፣ አብዛኞቹ ከፋብሪካ የወጡት በአራቱም ጎማ ታምቡር ፍሬን ይዘው ነው፤ ሸራ የሚባለው መያዣ ከሚሽከረከር ከበሮ መሰል ብረት ውስጥ ሆኖ የሚይዝበት ማለት ነው። የፊት ዲስክ፣ ማለትም ፓዶች ከሁለት ወገን የሚጨብጡት የሚሽከረከር ጠፍጣፋ ብረት፣ ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚታዘዝ ነበር። ታምቡሩ ጤነኛ ከሆነ አንድ ጊዜ በደንብ ያቆማል፤ ችግሩ የሚመጣው ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው። ቁልቁለት ላይ ደጋግማችሁ ስትይዙ ሙቀቱ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፣ ታምቡሩ ሲግል ሰፍቶ ከሸራው ይሸሻል፣ የጋለው ሸራም መያዝ ያቅተዋል። ፔዳሉን በሙሉ ኃይላችሁ ብትረግጡም መኪናው መሄዱን አይተውም። ዲስክ አየር ስለሚያገኘው ቶሎ ይበርዳል፤ ሲግል ቢሰፋም ከፓዱ አይሸሽም።

ለመንገድ መኪና ፊት ዲስክ፣ ኋላ በደንብ የተስተካከለ ታምቡር ይበቃል። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት የፊት ጎማዎች ናቸው። የኋላ ዲስክ ወጪውን ያበዛል፣ የእጅ ፍሬኑንም ያወሳስባል፤ ያንን ገንዘብ ለጥሩ ጎማ ብታውሉት ይሻላል። በመጨረሻ መኪናውን የሚያቆመው ጎማው አስፋልቱን የሚጨብጥበት አቅም ነው።

ትልቁ ስህተት ዲስኩን ሰቅሎ ሌላውን እንደነበረ መተው ነው። ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ሲሊንደር)፣ ቫልቮቹ፣ የፔዳሉ ልክና ሰርቮው (በቫኪዩም እግራችሁን የሚያግዘው) አብረው ካልተገጣጠሙ አዲሱ ፍሬን ከአሮጌው የባሰ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ማስተሩ

መኪናው እ.ኤ.አ. ከ1967 ሞዴል በፊት የተሠራ ከሆነ ማስተሩ ባለ አንድ ክፍል የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ የፊቱም የኋላውም ፍሬን አብሮ ይጠፋል። ዲስክ ባትገጥሙም እንኳ ይህን በባለ ሁለት ክፍል ቀይሩት፤ ከሁሉም በፊት ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ይህ ነው።

የማስተሩን ስፋት ለመምረጥ አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ታምቡር ውስጥ ሸራው በሚሽከረከረው ታምቡር እየተጎተተ ራሱን ይበልጥ ያጣብቃል፣ እግራችሁን ያግዛል። ዲስክ ይህ እርዳታ የለውም፤ ስለዚህ የበለጠ የዘይት ግፊት ይፈልጋል። ግፊቱ የሚመጣው ደግሞ ከሁለት ነገር ነው፦ ከፔዳሉ ልክና ከማስተሩ የውስጥ ስፋት። የፔዳሉን ልክ ለማወቅ ፔዳሉ ከሚንጠለጠልበት ፒን እስከ እግር ማሳረፊያው መካከል ለኩ፣ ከዚያው ፒን የማስተሩ መግፊያ ዘንግ እስከሚታሰርበት ቀዳዳ ለኩ፣ አካፍሉ። 36 ሴንቲሜትር ለ6 ሴንቲሜትር ከሆነ ልኩ 6 ለ 1 ነው። ያለ ሰርቮ ወደ 6 ለ 1፣ በሰርቮ ደግሞ ወደ 4 ለ 1 የሚጠጋ ይፈለጋል።

እግራችሁ 30 ኪሎ ቢጫን በ6 ለ 1 ፔዳል ማስተሩ ላይ 180 ኪሎ ይደርሳል። ማስተሩ 1 ኢንች ከሆነ በካሬ ሴንቲሜትር 35 ኪሎ ገደማ ግፊት ታገኛላችሁ። 1⅛ ኢንች ከሆነ ግን ወደ 28 ይወርዳል፤ በዓይን የማይታይ በሚመስል ልዩነት ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ጠፋ። «ትልቅ ማስተር ይሻላል» የሚለው ምክር ብዙ ሰው ያሳሳተው በዚህ ነው። ትልቁ ፔዳሉን አጭርና ጠንካራ ያደርገዋል፣ ግፊቱን ግን ይቀንሳል። ያለ ሰርቮ ከ1 ኢንች አትለፉ፤ 1⅛ ሰርቮ ላለው ነው።

ስትገዙ የማስተሩን ፒስተን ጀርባ ተመልከቱ። ያለ ሰርቮ የሚሠራው ዘንጉን የሚይዝ ጥልቅ ጉድጓድ አለው፤ የሰርቮው ግን ጥልቀት የለውም። ይህን ከተራ ፔዳል ጋር ከገጠማችሁት ዘንጉ ወልቆ ሊወድቅ ይችላል፣ ያኔ ፍሬን የሚባል ነገር የለም።

ቫልቮች

የአሮጌ ታምቡር ማስተር መውጫ ላይ በመስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለ፣ 10 ፒኤስአይ (በካሬ ኢንች ፓውንድ) ገደማ። ለታምቡር ጥሩ ነው፤ ጎማው ጋ ያለውን ሲሊንደር ጎሚኒ (ዘይት እንዳያፈስ የሚዘጋውን ላስቲክ) ወጥሮ ይይዛል። ይህ ቫልቭ ወደ ዲስክ በሚሄደው መስመር ላይ ከቀረ ግን ፓዱ ከዲስኩ አይላቀቅም፣ ትንሽ እንደነዳችሁ ቸርኬው ያቃጥላል። ስለዚህ ማስተሩ ለዲስክና ታምቡር የተሠራ ይሁን። ማስተሩ እንደ አንዳንድ መኪኖች ከወለሉ ሥር ካለ ደግሞ ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ለዲስኩ መስመር የ2 ፒኤስአይ ቫልቭ ያስፈልጋል።

የኋላው መስመር ላይ ግፊት የሚመጥን ቫልቭ መኖር አለበት። ያለ እርሱ በኃይል ስትይዙ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይቆለፋሉ፣ መኪናውም ይዞራል። በእጅ የሚስተካከለውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ የየመኪናው ክብደትና ጎማ ስለሚለያይ።

ሰርቮ በሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) 18 ኢንች ሜርኩሪ ያህል ቫኪዩም፣ ማለትም የሞተሩን የመምጠጥ ኃይል፣ ይፈልጋል። ሞተሩ ትልቅ ካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ) ከተገጠመለት ይህን ላይሰጥ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት በጌጅ ለኩት፤ ካነሰ የኤሌክትሪክ ቫኪዩም ፓምፕ ጨምሩ፣ ወይም ያለ ሰርቮ በትንሽ ማስተር ሥሩት።

መግጠም

ዲስኩን ከማዘዛችሁ በፊት ቸርኬውን እዩ። 11 ኢንች ዲስክ ብዙውን ጊዜ 15 ኢንች ቸርኬ ይፈልጋል፤ ብዙ 14 ኢንች ቸርኬዎች ካሊፐሩን (ፓዶቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን) ይነካሉ።

መኪናውን በክሪክ ብቻ አታንሱ፤ ከሥሩ መደገፊያ አድርጉ። የአሮጌ ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በአየር አትንፉት፣ በፍሬን ማጽጃ አርጥባችሁ ጥረጉት። ታምቡሩንና ከጀርባው ያለውን ሳህን ካወለቃችሁ በኋላ የካሊፐር መያዣውን አስራችሁ በኪቱ (አብረው በሚሸጡት የዲስክ ዕቃዎች) መመሪያ ልክ አጥብቁ። ኩሽኔታዎቹን በእጅ ግራሶ እስኪጠግቡ ሙሏቸው። ሞዞውን (ጎማው የሚታሰርበትን የሚሽከረከር አካል) እያሽከረከራችሁ ዳዶውን 16 ኒውተን ሜትር ገደማ አጥብቁ፣ ሙሉ በሙሉ አላሉት፣ እንደገና በጣት ብቻ አጥብቁና ቅርብ ወዳለው ቀዳዳ መልሳችሁ መቆለፊያ ሽቦውን አስገቡ። ኩሽኔታን አጥብቆ መተው ያቃጥለዋል።

ካሊፐሩን ስትሰቅሉ የአየር ማስወጫዋ ቡሎን የት እንዳለች ተመልከቱ። ላይ መሆን አለባት። ግራና ቀኙ ከተቀያየረ ታች ትውላለች፤ ቀኑን ሙሉ ብታስተነፍሱት አየሩ ከላይ ተጠራቅሞ ይቀራል፣ ፔዳሉም እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ካሊፐሮቹን ማቀያየር ብቻ ይፈታዋል።

የጎማ ቱቦዎችን ሁሉ በአዲስ ቀይሩ። አሮጌው ውጪው ደህና ቢመስልም ውስጡ አብጦ ዘይቱን እንዳይመለስ ያግተዋል። የካሊፐር ቡሎን ላይ ከሁለቱም ወገን አዲስ የመዳብ ሮንዴላ አድርጉ። መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ፣ ቱቦው የትም እንዳይወጠርና እንዳይነካ አረጋግጡ። የብረት ቱቦ ከቆረጣችሁ ጫፉ ድርብ ተጠፍጥፎ ይሠራ፤ ተራ የመዳብ ቱቦና በመጭመቅ የሚገጠም ማያያዣ ፍሬን ላይ ቦታ የላቸውም።

ዘንጉና አየሩ

ከሰርቮው የሚወጣው ዘንግና የማስተሩ ፒስተን መካከል 0.5 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ዘንጉ ከረዘመ ፒስተኑ ዘይት ወደ ገንዳው የሚመለስባትን ቀዳዳ ዘግቶ ይቆማል፤ ዘይቱ ሲሞቅ መሄጃ ያጣል፣ ፍሬኑም በራሱ ይይዛል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ክዳኑን ክፈቱ፣ ሌላ ሰው ፔዳሉን በጣም በቀስታ ይንካ። ገንዳው ውስጥ ከቀዳዳዋ ትንሽ የዘይት ፏፏቴ ብቅ ካለች ክፍት ናት። ዘይቱ ቀለም ይበላል፤ ዓይናችሁንም ጠብቁ።

ማስተሩን መኪናው ላይ ከመስቀል በፊት ሞርሳ ላይ አስራችሁ ከመውጫዎቹ ወደ ገንዳው የሚመለሱ አጫጭር ቱቦዎች አድርጉና አረፋ እስኪጠፋ በቀስታ ግፉት። ከዚያ የኋላ ሸራዎችን ጎማው ሲዞር በጥቂቱ እስኪነኩ አስተካክሉ፤ ርቀው ከቀሩ ፔዳሉ ይወርዳል፣ ብዙ ሰው ግን አየር ነው ብሎ በከንቱ ይለፋል። አየር ማስወጣቱ ከማስተሩ ከሚርቀው ይጀመር፦ ኋላ ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ (መሪው በግራ ላለ መኪና)። አዲስ ዶት 4 የፍሬን ዘይት ተጠቀሙ። ሲሊኮኑን ዶት 5 ከሌላው ጋር አትደባልቁ።

መሞከር

ሳትነዱ በፊት ፔዳሉን ለአንድ ደቂቃ ረግጣችሁ ያዙ፤ ከወረደ ወይም መገጣጠሚያ ካረጠበ አትውጡ። ከዚያ ባዶ ቦታ ላይ በዝግታ ሞክሩ። ፓዱን ለማላመድ የአምራቹ መመሪያ ከሌለ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት አሥር ጊዜ ያህል በመካከለኛ ኃይል ቀንሱ፣ ሳትቆሙ። የጋለ ዲስክ ላይ ፔዳሉን ረግጦ መቆም ፓዱን ያትምበታል። በኋላ ለማቀዝቀዝ ሳትይዙ ንዱ።

የኋላውን ቫልቭ ግፊቱ አነስተኛ ከሚሆንበት ጀምሩ። ደረቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ በ50 ኪሎ ሜትር በኃይል ያዙ፤ አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚቆለፍ ይይ። በትንሽ በትንሹ እየከፈታችሁ ሞክሩ፣ የኋላው ሲቀድም ወደ ኋላ መልሱት፣ የፊቱ በጥቂቱ እስኪቀድም ድረስ። የጎማ ዓይነት ወይም ስፋት ከቀየራችሁ ሙከራውን ከመጀመሪያው ድገሙት።